የጓሮ ጎመን ሒሣብ፦ መቼ ያተርፋል፣ መቼ ያከስራል?

የጓሮ አትክልት የአስቤዛን ወጪ ይቀንሳል ይባላል። አባባሉ እውነት የሚሆነው ግን የሰብሉ ምርጫ፣ የመትከያው ወቅትና የውሃው ወጪ አስቀድሞ ከተሰላ ብቻ ነው።

ለቤት አስቤዛ የወጣ ገንዘብ ሲቆጠር ሥጋው፣ ዘይቱና ጤፉ በቀላሉ ይታወሳሉ። ዛሬ አንድ እስር ጎመን፣ ነገ ሩብ ኪሎ ቃሪያ፣ ከነገ ወዲያ ሰላጣ እየተባለ ከጉልት የሚሸመተው ግን በማንም ደብተር ላይ አይሰፍርም። ዓመቱ ሲያልቅ ይህ «የማይቆጠር» ወጪ ተደምሮ ቢታይ ቀላል የሚባል አይሆንም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የአትክልት ዘርና ፀረ ተባይ፣ እንዲሁም የማጓጓዣው ነዳጅ ዋጋ ሲጨምር የጉልቷ ጎመንም አብራ ተወድዳለች። ብዙ ቤተሰቦች ፊታቸውን ወደ ጓሮአቸው ማዞራቸው አያስገርምም።

በጓሮ አትክልት ማልማት ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጌሾና ጎመን ከአጥር ሥር የማይጠፉበት ግቢ ብዙ ነበር። የአሁኑ ለየት የሚለው ጓሮው እንደ ጌጥ ወይም እንደ ልማድ ሳይሆን እንደ ወጪ መቀነሻ መታየት መጀመሩ ነው። ወጪ መቀነሻ ከሆነ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሥራ በሒሣብ መመዘን ይኖርበታል። ሒሣቡ ሲሠራ የሚገኘው ውጤት ሁልጊዜ የሚያስደስት አይደለም። ያተረፉ ጓሮዎች እንዳሉ ሁሉ፣ ባለቤቶቻቸው ሳይታወቃቸው ከገበያው በላይ ዋጋ እየከፈሉ የሚበሉባቸው ጓሮዎችም አሉ።

ትርፉ የሚመጣው ከየት ነው?

ጓሮ ትርፍ የሚያስገኘው ገበሬውን በምርታማነት በመብለጥ አይደለም። የመቂ ወይም የዝዋይ ሽንኩርት አምራች በመስኖ፣ በሰፊ መሬትና በልምድ ስለሚያመርት የአንድ ኪሎ ማምረቻ ዋጋው ከማንኛውም የከተማ ጓሮ ያነሰ ነው። ጓሮው የሚያተርፈው በገበሬው ማሳ ዋጋና ሸማቹ በሚከፍለው ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ይህ ልዩነት ሰብሳቢው፣ ደላላው፣ የመኪናው ኪራይ፣ ጫኝና አውራጁ፣ ጅምላ ሻጩና የጉልቷ ቸርቻሪ እየተካፈሉ የሚሄዱት ነው። በፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ በኋላ በከተማዋ ሰሜንና ምሥራቅ ላለ ቸርቻሪ የማመላለሻው መንገድ ረዝሟል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ብልሽቱ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት በዓለም ላይ ከሚመረተው ፍራፍሬና አትክልት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው ሸማቹ ሳይመገበው እንደሚባክን ገምቷል። ጠዋት 20 እስር ሰላጣ ያወጣች ቸርቻሪ ማታ 6ቱ ጠውልገው ቢቀሩባት የ6ቱን ዋጋ በ14ቱ ላይ መጫኗ የግድ ነው። ይህ ስግብግብነት ሳይሆን የንግድ ሕግ ነው። እንግዲህ ፈጥኖ የሚጠወልግ ሰብል በገበያ ላይ የሚሸከመው የብልሽት ወጪ ከፍተኛ ስለሆነ በጓሮ ሲመረት የሚያድነው ገንዘብም ከፍተኛ ነው። ተከምሮ ሊቆይ የሚችል ሰብል የሚሸከመው የብልሽት ወጪ አነስተኛ ስለሆነ ጓሮው ከእሱ የሚያገኘው ትርፍም የዚያኑ ያህል አነስተኛ ነው።

የትኛው ሰብል?

ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በገበያ ወሬ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣው የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ በመሆኑ መጀመሪያ የሚተከሉትም እነዚሁ ናቸው።

ቀይ ሽንኩርት ከዘር እስከ ምርት ከ4 እስከ 5 ወር መሬቱን ይዞ ይቆያል። በጥሩ እንክብካቤ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቢሰጥ፣ 10 ካሬ ሜትር ጓሮ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ያስገኛል። በሳምንት 2 ኪሎ ተኩል ለሚፈጅ ቤተሰብ ይህ ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚሆን ነው። ከዚያ በኋላ ተመልሶ ገበያ ነው። ድንችም ከ3 እስከ 4 ወር ጠብቆ አንድ ጊዜ ብቻ ይታፈሳል። ቲማቲም ደግሞ ሙቀት ወዳድ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ፣ የክረምቱ እርጥበትና ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ ተደማምረው የብዙ ጀማሪዎችን ድካም ከንቱ ያስቀራሉ።

በተቃራኒው የአበሻ ጎመንና ቆስጣ ብርድን ይቋቋማሉ። ተነቅለው የሚያልቁ ሳይሆኑ የታችኛው ቅጠል እየተቀጠፈ ለወራት የሚበሉ ናቸው። ከተዘሩ ከ2 እስከ 2 ወር ተኩል ባለው ጊዜ መቀጠፍ ይጀምራሉ። ሰላጣም በ2 ወር ገደማ ይደርሳል። ቃሪያ ከውርጭ ከተጠበቀ ከአንድ እግር ለረጅም ጊዜ ይለቀማል። የጥብስ ቅጠል አንዴ ከተተከለ ለዓመታት የሚቆይ፣ ውሃም ብዙ የማይፈልግ ነው፤ በሶብላም ለወጥና ለሻይ የሚሆነውን ያህል ከአንድ ጣሳ ይገኛል። እነዚህ ሁሉ በገበያ ላይ በትንሽ በትንሹ የሚሸጡ፣ በኪሎ ሲሰሉ ግን ውድ የሆኑ ናቸው።

ባጭሩ የሚከማቸውን ሰብል ከገበያ መግዛት፣ የሚጠወልገውን ከጓሮ መቅጠፍ የመጀመሪያው የሒሣብ መመሪያ ነው።

የሁለት ጎረቤታሞች ሒሣብ

ጉዳዩን በቁጥር ለማየት እያንዳንዳቸው 10 ካሬ ሜትር ጓሮ ያላቸውን ሁለት ጎረቤታሞች በምሳሌነት እንውሰድ። የሚከተሉት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አንባቢው የራሱን ሰፈር ዋጋ ተክቶ ሊያሰላ ይችላል። አንድ እስር ጎመን በክረምት 20 ብር፣ በመካከለኛው ወቅት 30 ብር፣ በበጋውና በዐቢይ ጾም 50 ብር ይሸጣል እንበል። ሁለቱም ቤተሰቦች ከጓሮአቸው በሳምንት 2 እስር ጎመንና 25 ብር የሚያወጣ ሌላ ቅጠላ ቅጠል ያገኛሉ።

የመጀመሪያው ጎረቤት አዲስ አካፋ፣ ዶማ፣ በርሜል፣ የአበባ ማሰሮና የተዘጋጀ አፈር በ4,000 ብር ገዛ። ዕቃው 4 ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ድርሻ 1,000 ብር ነው። ለዘር 300፣ ለፍግ 500፣ ለልዩ ልዩ 100 ብር ሲጨመር የዓመት ወጪው 1,900 ብር ይሆናል። ውሃ ላለመግዛት ሲል በዝናቡ ብቻ ስለሚያለማ ቅጠል የሚያገኘው ለ20 ሳምንት ነው፤ ያውም ጎመን በየጉልቱ በሚረክስበት ጊዜ። ከጎመኑ 800፣ ከሌላው ቅጠል 500፣ በድምሩ 1,300 ብር አዳነ። ወጪው ሲቀነስ 600 ብር ከስሯል። ጓሮው አረንጓዴ ነው፤ ጎረቤትም ያደንቀዋል። ኪሣራው ግን የማይታየው ስላልተጻፈ ብቻ ነው።

ሁለተኛዋ ጎረቤት ያረጀ ጀሪካን ቆርጣ፣ ባዶ የማዳበሪያ ጆንያ ሞልታ፣ አካፋና ዶማም ከቤት ያለውን ተጠቅማ በ1,000 ብር ጀመረች። የዓመቱ ድርሻ 250 ብር ነው። ለዘር፣ ለፍግና ለልዩ ልዩ እንደ ጎረቤቷ 900 ብር፣ በበጋው ወራት ለውሃ 600 ብር አወጣች። ጠቅላላ ወጪዋ 1,750 ብር ነው። ተከላዋን እያፈራረቀች ለ40 ሳምንት ቀጠፈች። 16ቱ ሳምንት ውድ፣ 12ቱ መካከለኛ፣ 12ቱ ርካሽ በሆነበት ወቅት ነበር። ከጎመኑ 1,600፣ 720 እና 480፣ በድምሩ 2,800 ብር፤ ከሌላው ቅጠል 1,000 ብር አዳነች። ከ3,800 ብር ላይ ወጪው ሲነሣ 2,050 ብር ይቀራል።

ከዚህ ስሌት ሦስት ትምህርት ይወሰዳል። አንደኛ፣ ጓሮውን የሚገድለው ዘሩ ወይም ፍጉ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ የሚወጣው የዕቃ ወጪ ነው። ሁለተኛ፣ የሁለተኛዋ ጎረቤት ትርፍ አብዛኛው የተገኘው በውዱ ወቅት ነው፤ ከጎመኑ ካዳነችው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው የ16ቱ ሳምንት ነውና። ሦስተኛው ደግሞ የጉልበት ጉዳይ ነው። በሳምንት 3 ሰዓት ብትሠራ በ40 ሳምንት 120 ሰዓት ይሆናል። 2,050 ብር ለ120 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 17 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ አትክልተኛ የሚቀጥር ቤተሰብ ቁጠባውን በሙሉ ለደመወዝ አስረክቦ ከኪሱም ይጨምራል። ጓሮው የሚያዋጣው ሌላ ገቢ የማያስገኝ ትርፍ ሰዓት ላለው፣ ወይም ሥራው ራሱ ለሚያዝናናው ሰው ነው።

ለቁጠባው ክብደት የሚጨምር አንድ ነጥብ አለ። የዳነ ገንዘብ ግብር አይከፈልበትም። በ35 በመቶው የገቢ ግብር እርከን ላይ ያለ ተቀጣሪ 2,050 ብር በእጁ ለማስገባት 3,150 ብር ገደማ ተጨማሪ ደመወዝ ማግኘት ይኖርበታል።

ወቅቱ

የአዲስ አበባ የጓሮ አልሚ አብዛኛው ዘሩን የሚበትነው ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ነው። ይህ ለሰውነት የሚቀል፣ ለኪስ ግን የማይጠቅም ጊዜ ነው፤ ሁሉም በአንድነት ስለሚተክል ቅጠሉ በአንድነት ይደርሳልና። አቅርቦት ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል፤ ዋጋ ሲወርድ ጓሮው የሚያድነው ገንዘብም አብሮ ይወርዳል።

ነጋዴ እንደሚያደርገው ከፍላጎቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ያሻል። የጎመን ፍላጎት የሚያይለው በዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ 55 ቀን ሲሆን በባሕረ ሐሳብ ስሌት መሠረት ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አይዘገይም። ጊዜው ደግሞ ደረቅ ወቅት ነው፤ ፍላጎት ሲጨምር አቅርቦት የሚቀንስበት። ለዚህ ጊዜ እንዲደርስ የጎመንና የቆስጣ ዘር ኅዳር አጋማሽ ላይ በመደብ ይዘራል፤ ታኅሣሥ አጋማሽ ገደማ ችግኙ ይነሣል፤ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መግቢያ ላይ መቀጠፍ ይጀምራል። በብርዱ ምክንያት ዕድገቱ ሊዘገይ ስለሚችል ሁለት ሳምንት መጠባበቂያ መያዝ ብልህነት ነው። ዘሩም በአንድ ቀን ተበትኖ ማለቅ የለበትም። በየ3 ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚዘራ ሰው በአንድ ሳምንት ተትረፍርፎ በሚቀጥለው አይቸገርም።

ውሃ

የበጋው ጓሮ ዋና ፈተና ውሃ ነው። በደረቁ ወራት አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ይፈልጋል። 10 ካሬ ሜትር 50 ሊትር፣ በወር 1 ሜትር ኩብ ተኩል ማለት ነው። የከተማው የውሃ ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር በሜትር ኩብ የሚከፈለውም የሚጨምር በመሆኑ ጓሮው ቤተሰቡን ወደ ላይኛው እርከን ሊያሻግረው ይችላል። ስለዚህ የውሃው እውነተኛ ዋጋ የሚታወቀው ከተከላው በፊትና በኋላ የመጡትን ቢሎች ጎን ለጎን በማየት ነው።

በጀሪካን ውሃ እየገዙ ማጠጣት ፈጽሞ አያዋጣም። ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን በ10 ብር ቢታሰብ እንኳ 50 ሊትር በቀን 25፣ በወር 750 ብር ይሆናል። የሁለተኛዋ ጎረቤት ዓመታዊ ቁጠባ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ያልቃል።

የዝናብ ውሃ ማጠራቀምም ቢሆን ልኩ መታወቅ አለበት። 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ ቢወርድ 800 ሊትር ነው፤ በርሜሉ ግን የሚይዘው 200 ብቻ ነው። 200 ሊትር ለ10 ካሬ ሜትር የ4 ቀን ውሃ ስለሆነ በርሜሉ የፈረቃውን ክፍተት ይሸፍናል እንጂ በጋውን አያሻግርም። በጋውን የሚያሻግረው በየቀኑ የሚደፋው የወጥ ቤት ውሃ ነው። ጎመን፣ ምስርና ሩዝ የታጠበበት ውሃ በባልዲ ቢጠራቀም ከፍጆታው ብዙውን ሊሸፍን ይችላል። ሳሙና የነካው ውሃ ግን ከሚበላ ቅጠል መራቅ አለበት። መደቡን በደረቅ ሣር ማልበስ፣ ማታ ወይም በማለዳ ማጠጣት፣ በበጋ የሚለማውን መሬት ወደ 5 ካሬ ሜትር መቀነስም ወጪውን ይቆርጠዋል።

ቦታው

ለኢንቨስተር የሚቀርበው የመጨረሻው ጥያቄ ቦታው ሌላ ምን ሊሠራበት ይችል ነበር የሚለው ነው። 10 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ ሕጋዊ ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ ማከራየት የሚችል ሰው በወር ኪራይ የሚያገኘው ጎመኑ በዓመት ከሚያድንለት ጋር ቢወዳደር ብልጫው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጓሮ የሚያዋጣው ሌላ ጥቅም በሌለው ቦታ ላይ ነው፤ በአጥር ሥር፣ በመተላለፊያ ዳር፣ በበረንዳ፣ ግድግዳ ጥግ በተደገፈ ጆንያ።

በኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ የሚያለማ ሰው ደግሞ ክብደቱን ያስላ። አንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር 200 ሊትር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አፈሩን በአንድ ቦታ ከመከመር በትናንሽ ዕቃ ከፋፍሎ ግድግዳውን ተከትሎ መደርደር ይሻላል። ለሰላጣና ለቆስጣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፤ ቃሪያ እስከ 30 ይፈልጋል። በቀን ቢያንስ 5 እና 6 ሰዓት ፀሐይ የማያገኝ በረንዳ ግን ወጪ ባይወጣበት ይመረጣል።

በገንዘብ የማይለካው

«ጎመን በጤና» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። የአቃቂን ወንዝ ተከትሎ በተበከለ ውሃ በሚለሙ አትክልቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ሸማቹ እስሯን ሲገዛ በየትኛው ውሃ እንደለማች የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የጓሮው ባለቤት ግን ያውቃል። ይህ እውቀት በብር ባይተመንም ዋጋ አለው። እርግጥ የጋራዥ ዘይት በፈሰሰበት ወይም መኪና በሚበዛበት አስፋልት ዳር የተተከለ ጎመን ከወንዙ ዳሩ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። ትኩስ የዶሮ ፍግም ተብላልቶ ሳይበሰብስ በቀጥታ ቅጠል ላይ መዋል የለበትም።

ለነጋዴው ምን አለው?

ጓሮ ሲበዛ የጉልት ሽያጭ ይቀንሳል ብሎ የሚሠጋ ነጋዴ ሊኖር ይችላል። ሥጋቱ በተወሰነ ደረጃ ለቅጠላ ቅጠል ቸርቻሪ ይሠራል፤ ለሽንኩርትና ለድንች ጅምላ ሻጭ ግን እምብዛም አያሳስብም። በአንጻሩ የጓሮ አልሚው ሊገዛቸው የሚፈልጋቸው ብዙ ነገሮች አሉ። በትንንሽ ከረጢት የታሸገና የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ ዘር፣ ለተከላ የደረሰ ችግኝ፣ የተብላላ ፍግ፣ አፈር የተሞላ ጆንያ ይፈልጋል። አንድ ጣሳ ሙሉ ዘር ለ10 ካሬ ሜትር አልሚ ትርፍ ነው፤ 30 ችግኝ ግን ልኩ ነው። ኅዳር ላይ ዘርቶ ታኅሣሥ ላይ የጎመን ችግኝ ይዞ የሚወጣ ሰው የወቅቱን ትምህርት ወደ ንግድ ለውጦታል ማለት ነው።

ከሌላው ዓለም ታሪክ የሚገኘውም ይህንኑ ያጠናክራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ 20 ሚሊዮን ያህል የቤት ጓሮዎች እንደለሙና እ.ኤ.አ. በ1943 ከአገሪቱ ትኩስ አትክልት 40 በመቶ ገደማ እንዳስገኙ ይገመታል። ጦርነቱ አብቅቶ የራሽኑ ሥርዓት ሲነሣ ግን አብዛኞቹ ተዘነጉ። ጓሮ ገበያው ሲወደድ የሚጠቅም መድን ነው፤ ገበያው ሲረክስ ግን መድኑን ማንም አያስታውሰውም።

ስለዚህ ዘር ከመግዛት በፊት ደብተር መግዛት ይቀድማል። ለአንድ ወር ብቻ በየቀኑ ከጉልት የሚገዛው ቅጠላ ቅጠል ከነዋጋው ይመዝገብ። ደብተሩ የትኛው ሰብል፣ በየትኛው ወር፣ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚያስፈልግ ይናገራል። በሳምንት ለቅጠል የሚያወጣው ከጥቂት ብር የማያልፍ ቤተሰብ ጓሮውን ለአበባ ቢተወው ሒሣቡ አይወቅሰውም። የሚያልፍ ከሆነ ግን አንድ አሮጌ ጆንያ፣ አንድ ቁና ፍግና አንድ ቁንጥር የጎመን ዘር ለመጀመሪያው ሙከራ በቂ ነው። ሙከራው ካተረፈ ሁለተኛውን ጆንያ ያተረፈው ገንዘብ ይግዛው።